ትምህርቱን ይዞ ቀኑን የሚረሳ ልጅ

በዚህ ዓምድ ላይ ብዙ ጊዜ የሌላውን ሰው ጥፋት ሳወራችሁ ቆይቻለሁ። ሹሙ ቀጠሮ አያከብርም፥ ተማሪው አያነብም፥ ነጋዴው ሚዛን ያሳስታል እያልሁ ስጽፍ ብዕሬ ደክሟት አያውቅም። ዛሬ ግን ተራው የኔ ነው። አስቀድሜ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ፤ ቀጥሎም ያ ጥፋት እንዳነብ ያስገደደኝን አንድ ታላቅ ምርምር አጫውታችኋለሁ።

የማስተምረው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ነው። በመስኮቱ በኩል፥ ከፊት ሦስተኛው ዴስክ ላይ፥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ይቀመጥ ነበር። ጠባዩ ዝምተኛ፥ ልብሱ ንጹሕ፥ የእጅ ጽሕፈቱም ያማረ ነው። አንድ ቀን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ቆይቼ ዘወር ብል፥ ልጁ ዓይኑን በእኔ ላይ ተክሎ ያኝካል። «ምን እያኘክህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ዝም አለኝ። «አንተን እኮ ነው!» አልሁት፤ አሁንም ዝም አለኝ። ማኘኩን ግን አልተወም፤ በጣቶቹም የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ወጣት መምህር በተማሪዎቹ ሲሳቅበት ምን እንደሚሰማው፥ በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ። ክንዱን ይዤ አስነሣሁትና በሩ አጠገብ አንበረከክሁት። ሲራመድ እግሩ ይደናገር ነበር። ማስቲካውን ይተፋ ዘንድ አፉን ባስከፍተው በአፉ ውስጥ ምንም አልተገኘም። ይህን በዓይኔ አይቼ እንኳ «ውጦታል» አልሁ እንጂ ሌላ ነገር አላሰብሁም።

በማግሥቱ እናቱ ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ። ወደ ጥግ ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «መምህር፥ ልጄ እርስዎን አልናቀዎትም፤ ሕመሙ መጥቶበት ነው» አሉኝ። ልጁ አንዳንድ ሌሊት በመኝታው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ቀን ደግሞ ድንገት ፈዝዞ አንድ ሁለት ደቂቃ ያኝክና፥ ሲነቃ የሆነውን አያውቅም። «ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር» አሉ እናቱ፤ «ማታ ያጠናው ጧት ይጠፋበታል። ሱቅ የላክሁት ልጅ መንገድ ላይ መልእክቱን ይረሳዋል። ሰነፍ ግን አይደለም፥ መምህር።» እኔም «እማማ፥ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?» ብላቸው፥ «ብናገር ኖሮ በዴስኩ ላይ ማን አብሮት ይቀመጥ ነበር?» ሲሉ መለሱልኝ። ለዚህ ቃል መልስ አላገኘሁለትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። የሚጥል በሽታ የሰውን ገላ ለጥቂት ደቂቃ እንደሚያናውጥ ሁላችንም እናውቃለን። የልጅን የማስታወስ ኃይል ግን ምን ያደርገዋል? የልጁ ትዝታ ጠፍቶ ከሆነስ፥ መምህሩ ምን ይሥራ? መጻሕፍት ማገላበጥ የጀመርሁት በዚህ ምክንያት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት ቃል ልናገር። አንጎላችን እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ እጅግ ብዙ ሕዋሶች አሉት፤ የሚነጋገሩትም በጥቂት በጥቂቱ በሚላላኩት ኤሌክትሪክ ነው። እነዚህ ሕዋሶች ተራቸውን ጠብቀው መነጋገራቸውን ትተው ብዙዎቹ ባንድ ጊዜ የጮኹ እንደሆነ፥ የሚጥል በሽታ የምንለው ነገር ይነሣል። የግሪኩ ሐኪም የሂፖክራጥስ ተከታዮች ከ2400 ዓመት ገደማ በፊት፥ ይህ በሽታ ከአማልክት ቁጣ ሳይሆን ከአንጎል የሚመጣ መሆኑን ጽፈው ነበር። ይሁን እንጂ የአንጎልን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ አስፍሮ ለማሳየት እስከ 1929 መቆየት ግድ ሆነ፤ በዚያ ዓመት ሃንስ በርገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የመጀመሪያውን የሰው አንጎል የኤሌክትሪክ ሥዕል አሳተመ።

የታመመ ሁሉ አይወድቅም። ነገሩ የሚወሰነው ያ ጩኸት በተነሣበት ቦታ ነው። ጩኸቱ ከጆሮ ግንድ በስተ ውስጥ ባለው የአንጎል ክፍል የተነሣ እንደሆነ፥ ሰውየው ሳይወድቅ ይፈዛል፤ ቢጠሩት አይሰማም፤ በባዶ አፉ ያኝካል፤ በእጁ ልብሱን ይነካካል፤ ሲነቃም ግራ ይገባዋል። ከዚህ ቃል ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁና ለጥቂት ጊዜ ተቀመጥሁ። ተማሪዬ የተነገረው በዚያ ገጽ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከዚሁ ከጆሮ ግንድ በስተ ውስጥ፥ በግራም በቀኝም፥ እንደ ባሕር ፈረስ የተቆለመመች አንዲት ትንሽ የአንጎል ክፍል አለች። ስሟንም ከመልኳ የተነሣ ሂፖካምፐስ ብለዋታል። የዚህችን ክፍል ሥራ ለዓለም የገለጠው በሚጥል በሽታ የተሠቃየ አንድ ሰው ነው። ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለው ይህ አሜሪካዊ ከልጅነቱ ጀምሮ በበሽታው ሲንገላታ ኖሮ፥ በ1953 ዕድሜው 27 ሲሆን፥ ዊልያም ስኮቪል የተባለ ሐኪም በሃርትፎርድ ከተማ አንጎሉን ቀዶ ሂፖካምፐሱን ከሁለቱም ወገን በብዛት አወጣለት። በሽታው ቀለል አለለት፤ የማሰብ ኃይሉም አልተቀነሰም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ የሚያጋጥመውን ነገር ሁሉ ይዞ ማቆየት ተሳነው። ደግ ቀን ቢያሳልፍ፥ አዲስ ወዳጅ ቢያገኝ፥ ጥቂት ቆይቶ እንዳልሆነ ይሆንበት ነበር።

ይህን ሰው የመረመሩት ብሬንዳ ሚልነር የተባሉት፥ በእንግሊዝ አገር ተወልደው በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ የሠሩ ሴት ሊቅ ናቸው። ስለ ሄንሪ ከሐኪሙ ጋራ ሆነው የጻፉት ጽሑፍ በ1957 ታተመ። በኋላም አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኙ። ሄንሪ እጁን በመስተዋት ውስጥ ብቻ እያየ በኮከብ ሥዕል ዙሪያ መሥመር እንዲያሰምር አደረጉት። ይህ እናንተ ብትሞክሩትም የሚያስቸግር ሥራ ነው። ሄንሪ በሦስት ቀን ልምምድ ሥራውን አጣርቶ ቻለው፤ ዳሩ ግን በየቀኑ ሲቀርብለት ከዚህ በፊት ፈጽሞ ሠርቼው አላውቅም ይል ነበር። ራሱ ያልያዘውን እጁ ይዞት ተገኘ። እንግዲህ ማስታወስ ብለን ባንድ ቃል የምንጠራው ነገር፥ በውስጡ ብዙ ክፍሎች ያሉት ሆነ ማለት ነው። ሄንሪ በ2008 በ82 ዓመቱ አረፈ፤ በምርመራው ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንማርበታለን።

በ1972 ደግሞ በካናዳ የኖሩት ኤንደል ቱልቪንግ የተባሉት ሊቅ፥ ትዝታን ለሁለት ከፍለው አስተማሩ። ይህን ክፍፍል በራሳችሁ ላይ ሞክሩት። የፈረንሳይ ዋና ከተማ ማን ናት? ፓሪስ ናት። ይህን በየትኛው ቀን፥ በየትኛው ክፍል፥ ከየትኛው መምህር ሰማችሁት? አብዛኞቻችሁ አታውቁትም። ዕውቀቱ አለ፤ ዕውቀቱ የመጣበት ቀን ግን የለም። በሌላ ወገን ደግሞ፥ መልቀቂያ ፈተና የተፈተናችሁበትን ጧት አስቡ፤ የአዳራሹ ብርድ፥ የጓደኛችሁ ፊት፥ የጫማችሁ ድምፅ እንኳ ይመጣባችኋል። የፊተኛው የዕውቀት ትዝታ፥ ሁለተኛው የኑሮ ትዝታ ነው ብንል ሐሳቡን የምናገኘው ይመስለኛል።

ታዲያ ሄንሪ ሂፖካምፐሱን ያጣው በ27 ዓመቱ ነው። ቋንቋውን፥ ንባቡን፥ ስለ ዓለም ያለውን ዕውቀት ሁሉ አስቀድሞ ሰብስቧል። ይህች ክፍል በሕፃንነቱ የተጎዳችበት ልጅስ ምን ይሆናል? ትናንትን ከዛሬ ማያያዝ የማይችል ልጅ ፊደል እንዴት ይቆጥራል? ስንት ቃል ይማራል? እንዲህ ያለው ልጅ ብዙ ሊማር አይችልም ብሎ መገመት ቀላል ነበር።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያመጡት በሎንዶን ከተማ በሕፃናት ጤና ተቋምና በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የሠሩት ፕሮፌሰር ፋራነ ቫርጋ ካዴም ናቸው። የእኚህ ሴት ሥራ በአንጎላቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸውንና የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ልጆች እየመረመሩ፥ የማሰብና የማስታወስ ኃይላቸው እንዴት እንደሚያድግ ማጥናት ነው።

በ1997 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋራ የሦስት ልጆችን ታሪክ አወጡ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 14፥ 19 እና 22 ነበር። አንደኛዋ በተወለደች ጊዜ ልቧ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ነበር። ሁለተኛው ወሩ ሳይደርስ ተወልዶ፥ በ4 ዓመቱ ብርቱ መንቀጥቀጥ ያገኘው ነው። ሦስተኛዋ በ9 ዓመቷ ከልክ ያለፈ መድኃኒት ደርሷት ተንቀጥቅጣ ትንፋሿ ቆሞ የተረፈች ናት። የሦስቱም አንጎል በመሣሪያ ሲታይ ሂፖካምፐሳቸው በግራም በቀኝም ወደ ግማሽ ያህል ኮስምኖ ተገኘ። በሌላው የአንጎላቸው ክፍል ላይ ግን ይህን የመሰለ ግልጽ ጉዳት አልታየም።

የእነዚህ ልጆች ኑሮ እንዲህ ነበር። የሚያውቁት መንገድ ይጠፋቸዋል። ዕቃቸውን የት እንዳኖሩት አያውቁም። ዕለቱንና ሰዓቱን ያሳስታሉ፤ በየሳምንቱ የሚደረግ ነገር እንኳ በየጊዜው ሊነገራቸው ይገባል። ማታ ወላጆቻቸው «ዛሬ ምን ዋላችሁ?» ቢሏቸው አጥጋቢ መልስ አይሰጡም። በቴሌፎን የተነገራቸውን መልእክት፥ የሰሙትን ተረት፥ የመጣውን እንግዳ፥ ያሳለፉትን ዕረፍት ይረሱታል። ስለዚህ ብቻቸውን ሊተዉ አይችሉም ነበር።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ቢያበቃ የሐዘን ታሪክ ብቻ በሆነ። ነገር ግን ፕሮፌሰሯ ሌላውንም ወገን መረመሩ። ልጆቹ የተማሩት ለልዩ ሕመምተኞች በተዘጋጀ ቦታ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ልጅ በመደበኛ ትምህርት ቤት ነው። ያነባሉ፤ ይጽፋሉ፤ የቃላት ትርጉም ያውቃሉ፤ ስለ ዓለም ሲጠየቁ ከሌሎች ልጆች ጋራ በሚቀራረብ መጠን ይመልሳሉ። የተወሳሰበ ሥዕል ቀርቦላቸው እያዩ እንዲገለብጡ ሲታዘዙ አሳምረው ይገለብጡታል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ ሥዕሉ ተሰውሮ «ከሐሳባችሁ ሣሉት» ሲባሉ ግን የሚያወጡት እዚህም እዚያም የተበተነ መሥመር ነው። እንግዲህ እነዚህ ልጆች ትምህርቱን ይዘዋል፤ የተማሩበትን ቀን ግን አልያዙም። ቀድሞ የማይለያዩ ይመስሉ የነበሩት የዕውቀት ትዝታና የኑሮ ትዝታ፥ በሦስት ልጆች ውስጥ ተለያይተው ታዩ።

በኋላ በ2001 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለእኛ ለመምህራን የሚጠቅም ነገር ጨመረ። ከሦስቱ አንዱ የሆነው ወጣት፥ ያየውን ነገር ራሱ ከሐሳቡ አውጥቶ እንዲናገር ሲጠየቅ ይቸግረዋል፤ ያንኑ ነገር ከሌሎች ጋራ አደባልቀው ሲያሳዩት ግን «ይህን አይቼዋለሁ» ብሎ ለይቶ ያወጣዋል። ማስታወስና ማወቅ እንኳ ሁለት የተለያዩ ደጆች አሏቸው ማለት ነው።

ሊቃውንት ሁሉ በዚህ ተስማምተዋል ብላችሁ ግን አትመኑ። ላሪ ስኳይርና ስቱዋርት ዞላ የተባሉት አሜሪካውያን በ1998 መልስ ጽፈው፥ የልጆቹ የኑሮ ትዝታ ጨርሶ አልጠፋም፤ የተረፈችው ጥቂቷ በብዙ ዓመት ድግግሞሽ ዕውቀቱን አከማችታ ይሆናል ሲሉ ተከራከሩ። ይህ ክርክር የሊቃውንቱ ነው። ለኔ ግን በሁለቱም ወገን አንድ ነገር ጸንቶ ይታየኛል፤ ትናንትን የማያስታውስ ልጅ ሊማር ይችላል።

የኔ ተማሪ ከእነዚህ ከሦስቱ እንደ አንዱ ነው ማለቴ አይደለም። የእነርሱ ጉዳት ጥቂት ሰው ብቻ የሚደርስበት ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሁሉ ይረሳል ማለትም አይደለም፤ በክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ብዙ አለ። ሆኖም ፕሮፌሰር ቫርጋ ካዴም ስለ በሽታው ራሱ ያገኙትን ሁለት ነገር መስማት ይገባናል።

የመጀመሪያው በ1992 ያሳተሙት ነው። በሕፃንነታቸው በአንድ ወገን አንጎላቸው ላይ ጉዳት ደርሶባቸው ባንድ በኩል ሰውነታቸው የሰነፈባቸውን 80 ያህል ልጆች መረመሩ። ጉዳቱ ኖሮባቸው የሚጥል በሽታ ያልያዛቸው ልጆች በማሰብና በማስታወስ ከጤነኞቹ ብዙ አልራቁም። የሚጥል በሽታ የተጨመረባቸው ግን በእጅጉ ዝቅ ብለው ተገኙ። ከዚህ የምንረዳው፥ አንጎል በልጅነት ቢቆስል ቁስሉን ችሎ ሊያድግ እንደሚችል፥ የሚነሣ የሚወድቀው ኤሌክትሪክ ግን ያን እድገት እንደሚያውከው ነው። ጎረቤቱ ሌሊቱን ሁሉ ሲጮህበት ያደረ ሰው ጧት ሥራ መሥራት እንደማይሆንለት ዓይነት ነው።

ሁለተኛው በ1997 የተጻፈው የአንድ ወንድ ልጅ ታሪክ ነው። ይህ ልጅ አንጎሉ በግራ ወገን ሲወለድ ጀምሮ የታመመ ስለነበረ፥ በሽታው እየደጋገመ ይጥለው ነበር፤ አፉንም አልፈታም። ስምንት ዓመት ተኩል በሆነው ጊዜ ሐኪሞች የታመመውን የግራ ወገን የአንጎሉን ክፍል በቀዶ ጥገና አወጡለት። በሽታው ተወው። ወደ 9 ዓመቱ ገደማ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ባቆመ ጊዜ፥ ያ ልጅ መናገር ጀመረ! እየዋለ እያደረም በሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ንግግር በግራ ወገን ነው ሲባል ኖሯል፤ የቀኝ ወገኑ ችሎታው ነበረው፤ ነገር ግን ከታመመው ጎረቤቱ ጩኸት የተነሣ ሥራውን መሥራት አልቻለም ነበር።

መድኃኒቱንም ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ብዙ ሰው አድኗል፤ ከነዚሁም ፌኖባርቢታል ከ1912 ጀምሮ ሲያገለግል የኖረ ነው። ነገር ግን ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ፥ ይልቁንም ይኸው ፌኖባርቢታል፥ ልጅን ሊያደነዝዙና ሐሳቡን ሊያዘገዩ ይችላሉ። ስለዚህ የታመመ ልጅ ትምህርት ሲያቅተው ምክንያቱ ሦስት ሊሆን ይችላል፤ በአንጎሉ ላይ ያለው ጉዳት፥ የሚነሣበት ሕመም፥ ወይም የሚውጠው ክኒን። በእኛ አገር መምህር ዘንድ ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «ስንፍና» ይባላል።

ስለ አገራችን ካነሣሁ ዘንድ ጥቂት ልጨምር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ በየቤቱ እየዞሩ አጥንተው በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ከአንድ ሺህ ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አስታውቀዋል። ሁለት ሺህ ተማሪ ባለው ትምህርት ቤት በዚህ ልክ ብንቆጥር 10 ልጆች ማለት ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ ከተገኙት ሕሙማን፥ የታወቀውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያገኙት ከመቶ 1.6 ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ብዙዎቹ በሥራሥር፥ በጠበልና በክታብ ይረዱ ነበር። ጠበል የሚወድ ይጠመቅ፤ እናቴም ታጠምቀኝ ነበር። ክኒኑን ግን አይጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፥ በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ በሽታ አለበት፤ በደንብ ተመርምረው ቢታከሙ ከመቶ እስከ 70 የሚደርሱት ሳይጥላቸው ሊኖሩ ይችላሉ።

በመሥሪያ ቤትም፥ በመንገድም፥ በትምህርት ቤትም ሰው በወደቀ ጊዜ የምናደርገውን ታውቃላችሁ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያጨስበታል፤ ሌላው ማንኪያ በጥርሱ መካከል ያስገባል፤ ሦስተኛው «አረፋው እንዳይነካችሁ!» እያለ ይሸሻል። ሦስቱም ተሳስተዋል። ጭሱ የሚያደርገው ጥቅም የለም፤ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል፤ በሽታውም በአረፋ አይተላለፍም። የሚገባው ነገር ቀላል ነው። የሚጎዳውን ዕቃ ከአጠገቡ ማራቅ፥ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፥ በጎኑ ማስተኛት፥ ሰዓት መመልከትና እስኪነቃ አብሮ መቆየት ነው። ከ5 ደቂቃ ያለፈ እንደሆነ፥ ወይም ሳይነቃ የደገመው እንደሆነ፥ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል።

ወደ ክፍሌ ልመለስ። ካነበብሁት ተነሥቼ አንዳንድ ነገር ሞከርሁ። ለልጁ አንዲት ትንሽ ደብተር ሰጠሁት፤ በየቀኑ ዕለቱን ጽፎ ያን ቀን የተማረውን በሦስት መሥመር ያሰፍርባታል፤ የቤት ሥራውንም በቃል ከምነግረው ጽፌ እሰጠዋለሁ። አዲስ ነገር ባስተማርሁ ቍጥር በማግሥቱና በሳምንቱ እንደግመዋለን። ጥያቄ ስጠይቀው «ምን ነበር?» ብዬ ባዶ ሜዳ ላይ አልተወውም፤ «ይህ ነው ወይስ ያ?» እለዋለሁ። ያን ጊዜ ብዙውን ያውቀዋል። እናቱም ወደ ሐኪም ወሰዱት፤ ክኒን ታዘዘለት። በመጀመሪያው ወር ያንቀላፋ ስለነበረ ይህንን በወረቀት ጽፌ በእናቱ እጅ ለሐኪሙ ላክሁ፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን አስተካከለለት። ተአምር አልሆነም። አሁንም አንዳንድ ቀን ይፈዛል፤ ፈተና ላይም የሚጠፋው አለ። ነገር ግን አምና ከክፍሉ መጨረሻ የነበረው ልጅ ዘንድሮ ወደ መካከል ገብቷል። የዴስኩ ጓደኛም አልሸሸውም፤ ሲፈዝ ሰዓት የሚመለከትለት እርሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ያንበረከክሁት በክፍሉ ፊት ስለሆነ ይቅርታ መጠየቅም የሚገባኝ በክፍሉ ፊት ነው ብዬ ቆረጥሁ። እናቱንና ልጁን አስቀድሜ አስፈቅጄ፥ አንድ ሰኞ ጧት ስም ከጠራሁ በኋላ ነገሩን ለተማሪዎቹ ሁሉ ገለጥሁላቸው፤ ልጁንም «በድዬሃለሁና ይቅር በለኝ» አልሁት። ልጁ ብድግ ብሎ አንገቱን ደፋና፥ «መምህር፥ እኔ እኮ ያን ቀን አላስታውሰውም፤ ልጆቹ ናቸው የነገሩኝ» አለኝ።

እኔ ግን አስታውሰዋለሁ። የሸሚዙን ቁልፍ፥ ባዶ አፉን፥ የክፍሉን ሳቅ ሁሉ አስታውሳለሁ።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ተማሪ ብትሆን አጠገብህ የሚቀመጠው፥ ጸሐፊ ብትሆን ከጠረጴዛህ ማዶ የሚሠራው፥ ታላቅ ወንድም ብትሆን በቤትህ የሚያድገው ልጅ፥ የተነገረውን ደጋግሞ የሚረሳ፥ ሲጠሩትም አልፎ አልፎ የማይሰማ እንደሆነ፥ ከመቆጣትህ በፊት አንድ ጊዜ ጠይቅ፤ አስመርምረውም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲሉ አባቶች የተናገሩት ሰውን እንዲያስጠነቅቁ ነው እንጂ ምሳሩን እንድናቀብል አይደለም። በሚመጣው ሳምንት፥ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፥ ወደ ሌላ ሰው ጥፋት እመለሳለሁ።